ትሉ ወጣ፤ ልጁስ ምን በላ?

የአንጀት ትል መድኃኒት የሚታደልበት ቀን በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶቻችን የታወቀ ቀን ሆኗል። መምህሩ ስም ይጠራል፤ ተማሪው ይቀርብና አንዲት አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል እዚያው አኝኮ ይውጣል፤ ስሙ አጠገብ ምልክት ይደረጋል። ቢልሃርዚያ ባለበት ወረዳ ደግሞ ልጁ መለኪያ ከተጻፈበት ረጅም እንጨት ሥር ቆሞ በቁመቱ ልክ ፕራዚኳንተል ይሰጠዋል። አገር አቀፉ የትምህርት ቤት ዘመቻ የተጀመረው በኅዳር 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ሚሊዮኖች ዘንድ ደርሷል፤ ይህ ሊናቅ የማይገባው ሥራ ነው።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ግን ገና እልባት አላገኘም። ትሉ ከወጣ በኋላ ልጁ ምን ያተርፋል? ክብደት ይጨምራል ወይ? ደሙ ይሞላል ወይ? ትምህርቱስ ይገባዋል? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ስመ ጥር ተመራማሪዎችን ለሁለት ከፍሎ ለዓመታት አከራክሯል። የክርክሩን ዋና ዋና ማስረጃዎች ከማየታችን በፊት አቋሜን ልናገር፦ መድኃኒቱ መቀጠል አለበት። ሆኖም ክኒን ምግብን አይተካም፣ ሽንት ቤትንም አይተካም። የታደለውን ክኒን ብቻ ቆጥሮ ሥራው ተሠራ የሚል ሪፖርት ልጁን ራሱን አላየውም።

በመጀመሪያ ትሎቹን ለይቶ ማወቅ ይገባል፤ ጉዳታቸው አንድ ዓይነት አይደለምና። ወስፋት ከሁሉም ግዙፉ ነው። ሴቷ እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ በቀን ወደ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ወጥቶ አፈር ውስጥ ይቆይና ባልታጠበ እጅ፣ ባልታጠበ አትክልት ወይም በጥፍር ሥር አድርጎ ወደ አፍ ይመለሳል። የተፈለፈለው እጭ በደም አድርጎ ሳንባ ይደርሳል፣ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ዳግም ይዋጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ትንሹ አንጀት ውስጥ ተደላድሎ የሚያድገው። ትንሹ አንጀት ምግብ ወደ ደም የሚገባበት ስፍራ በመሆኑ ስቡ፣ ፕሮቲኑና ቫይታሚን ኤው በወጉ ሳይመጠጥ ያልፋል። ከዚህም የሚብሰው የምግብ ፍላጎት መዘጋቱ ነው። ላኒ ስቴፈንሰንና ባልደረቦቿ በኬንያ ተማሪዎች ላይ ባደረጓቸው ጥናቶች አንድ ጊዜ አልቤንዳዞል የተሰጣቸው ልጆች ከአራት ወር በኋላ የምግብ ፍላጎታቸው፣ እድገታቸውና የአካል ብቃታቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል። ልጇ እንጀራ ቆርሶ የሚተውባት እናት «አመሉ ነው» ብላ ከማለፏ በፊት ይህን ብታውቅ ጥሩ ነው።

ጅራፍ ትል የሚቀመጠው በትልቁ አንጀት ነው፤ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በጥቂቱ ሲሆን ብዙም አይታወቅም። ሲበዛ ግን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የፊንጢጣ መውጣትና ከባድ የእድገት መጓተት ያስከትላል።

መንጠቆ ትል ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ያለው እጭ የባዶ እግርን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ አንጀት ግድግዳ ላይ ነክሶ ደም ይመጥጣል። ሁለት ዝርያዎች አሉት። ኔካቶር የሚባለው አንዱ ትል በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ያህል፣ አንኪሎስቶማ የሚባለው ደግሞ 0.2 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያስፈስሳል። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል፤ እስቲ እናስላው። 50 አንኪሎስቶማ ያሉበት ልጅ በቀን 10 ሚሊ ሊትር ደም ያጣል። በአንድ ሚሊ ሊትር ጤናማ ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም ገደማ ብረት አለ፤ ስለዚህ በየቀኑ 5 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ወደ አንጀት ይፈስሳል። ከፊሉን አንጀት መልሶ ይመጥጠዋል። ቢሆንም የተማሪ ዕድሜ ያለው ልጅ ከምግቡ በቀን ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ብረት አንድ ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ገቢው ወጪውን አይሸፍንም፤ ልጁ ይገረጣል፣ ሲሮጥ ቶሎ ይደክማል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል።

እዚህ ላይ ማዕዳችን ይገባል። ጤፍ ብረት አለው ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት ፋይቴት ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ አብዛኛው ሳይመጠጥ ያልፋል። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ያም ሆኖ ሥጋና ጉበት የሚሰጡትን ያህል አይሰጥም። ቆጮ በሚበላበት አገር ደግሞ ኃይል ሰጪው ሞልቶ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፤ ጎመኑ፣ አይቡ፣ ባቄላው ካልታከለበት ልጁ ይጠግባል እንጂ ሰውነቱ አይገነባም። ትሉ የሚበዛባቸው የደቡብና የደቡብ ምዕራብ እርጥብ ወረዳዎችና የእንሰት አገር በብዙ ቦታ ይደራረባሉ። በዚያ ላይ ነገሩ ከሁለቱም ወገን የሚጎትት ነው፦ ትል ያለበት ልጅ ይጎዳል፤ በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ደግሞ ትልን የመቋቋም አቅሙ ይደክማል።

ጫናው በአገራችን ምን ያህል ነው? የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከሌሎች ጋር ሆኖ ዘመቻው ከመጀመሩ አስቀድሞ በመላ አገሪቱ የተማሪዎችን ሰገራ እየመረመረ ካርታ አውጥቷል። በአፈር ከሚተላለፉት ትሎች ቢያንስ አንዱ የተገኘባቸው ተማሪዎች 21.7 በመቶ ነበሩ፤ ወስፋት 12.8፣ መንጠቆ ትል 7.6፣ ጅራፍ ትል 5.9 በመቶ። ቢልሃርዚያ 3.5 በመቶ ሆኖ በሐይቆች፣ በወንዞችና በመስኖ እርሻዎች ዙሪያ ተከማችቷል። እነዚህ አማካዮች ናቸው፤ አማካይ ደግሞ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ደረቅ በሆኑት የአፋርና የሶማሌ ቆላዎች በአፈር የሚተላለፉት ትሎች እጅግ ጥቂት ሲሆኑ፣ በእርጥቡ ደቡብ ምዕራብ ከተማሪው ግማሹና ከዚያም በላይ የሚያዝባቸው ወረዳዎች ነበሩ።

በአንድ ክፍል ውስጥም ትሉ እኩል አይከፋፈልም። በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት፣ አብዛኛው ትል በጥቂት ልጆች ሆድ ውስጥ እንደሚገኝ ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አብዛኛው ልጅ ምንም የለበትም ወይም ሁለት ሦስት ትል ይኖርበታል፤ የቀሩት ጥቂቶች ደግሞ በደርዘን የሚቆጠር ይሸከማሉ። የሚቀጭጩት፣ ደማቸው የሚያንሰውና ከትምህርት የሚቀሩት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው። ይህን ካልያዝን ቀጥሎ የምናየው ክርክር አይገባንም።

ክርክሩ የተነሣው በምዕራብ ኬንያ፣ ቡሲያ ነው። ኤድዋርድ ሚጌልና ማይክል ክሬመር እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ መድኃኒቱን ለ75 ትምህርት ቤቶች በየተራ ሲሰጥ ቀድመው ያገኙትን ገና ካላገኙት ጋር አነጻጸሩ። በ2004 ባሳተሙት ጥናት ከትምህርት መቅረት በሩብ ያህል መቀነሱን፣ ክኒኑን ያልወሰዱ ልጆችና የጎረቤት ትምህርት ቤቶችም ጭምር መጠቀማቸውን አስታወቁ። የአንዱ ልጅ ሰገራ የሌላውን ልጅ አፈር ስለሚበክል፣ አንዱ ሲድን ሌላውም ይተርፋል። የፈተና ውጤት ግን አልተሻሻለም፤ ይህንንም ራሳቸው ጽፈዋል። ጥናቱ የብዙ መንግሥታትን ፖሊሲ ቀረጸ፤ ክሬመርም በ2019 ከአቢጂት ባነርጂና ከኤስተር ዱፍሎ ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

በ2015 የለንደን ተመራማሪዎች የቡሲያን መረጃ እንደገና ተንትነው የስሌት ስሕተት አገኙበት፤ በተለይ ወደ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ተሻገረ የተባለው ጥቅም ተዳከመ። ከዚያ በፊት፣ በ2013፣ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በሰሜን ሕንድ ኡታር ፕራዴሽ የተደረገ ግዙፍ ሙከራ ታትሟል። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ለትምህርት ያልደረሱ ሕፃናትን ያካተተ ነበር፤ በየስድስት ወሩ አልቤንዳዞል ቢሰጥም በክብደትም ሆነ በሞት ቁጥር ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናት መዛኝ ድርጅት ገምጋሚዎችም ሙከራዎቹን ሁሉ አሰባስበው፣ ያለ ምርመራ ለሁሉም በጅምላ የሚሰጥ ክኒን ክብደትን፣ ደምንም ሆነ የትምህርት ውጤትን በአማካይ እምብዛም እንደማይለውጥ ጻፉ። በሌላ በኩል ክሬመርና ሚጌል የተካፈሉበት የ2016 ስሌት በአማካይ 130 ግራም ገደማ የክብደት ጭማሪ አሳየ። በ2021 ደግሞ የቡሲያ ልጆች ጎልምሰው ተፈለጉ፤ ሁለት ሦስት ዓመት ቀድመው መድኃኒቱን ያገኙት በሰዓት የሚያገኙት ገቢ በ13 በመቶ፣ ለኑሮ የሚያወጡት ወጪ በ14 በመቶ ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ።

እውነቱ የቱ ነው? ሁለቱ ወገኖች በብዛት የተለያየ ጥያቄ እየመለሱ ይመስለኛል። እዚያው የኮክሬን ግምገማ ውስጥ፣ ሰገራቸው ተመርምሮ ትል የተገኘባቸው ልጆች ብቻ ሲታከሙ ክብደታቸው 0.75 ኪሎ ያህል መጨመሩ ተጽፏል። አሁን ከአምስት ልጆች አንዱ ብቻ የተያዘበትን ትምህርት ቤት እናስብ። አንዱ 0.75 ኪሎ ቢጨምር፣ አራቱ ምንም ባይጨምሩ፣ አማካዩ 150 ግራም ይሆናል፤ ከ130 ግራሙ ብዙም አይርቅም። ሙከራዎቹ በቦታና በዘመን የተለያዩ ስለሆኑ ይህን ስሌት እንደ ማረጋገጫ አላቀርበውም። ሆኖም «ምንም አልጠቀመም» እና «በእጅጉ ጠቀመ» የሚሉ ሁለት ሰዎች አንዱን እውነት ከሁለት አቅጣጫ ሊያዩት እንደሚችሉ ያሳያል። ለተያዘው ልጅ ሦስት ሩብ ኪሎ ትልቅ ነገር ነው። በሺህ ልጆች አማካይ ውስጥ ሲገባ ግን ይሰወራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቁም ነገር ቦታ መምረጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ትሉ ከልጆቹ 20 በመቶና በላይ ላይ ባለበት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከ50 በመቶ በላይ በሆነበት ሁለት ጊዜ እንዲታደል ይመክራል። ክኒኑን አምራቾቹ በነፃ ይለግሱታል፤ ማጓጓዣውና ሥልጠናው ተጨምሮ ለአንድ ልጅ በዓመት ከግማሽ ዶላር በታች ይወጣል። በዚህ ዋጋ እያንዳንዱን ሰገራ መርምሮ የተያዘውን ብቻ ማከም ከማደሉ ይበልጥ ውድ ነው። ጅምላው እዚህ ላይ ልክ ነው፤ ካርታውን እስካከበረ ድረስ።

ሁለተኛው ቁም ነገር መመለሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የጥናቶች ስብስብ እንደሚያሳየው፣ ከሕክምና በኋላ በ12 ወራት ውስጥ ወስፋት ከመጀመሪያው መጠኑ ወደ 94 በመቶው፣ ጅራፍ ትል ወደ 82፣ መንጠቆ ትል ወደ 57 በመቶው ይመለሳል። ልጁ ክኒኑን ውጦ ወደዚያው ግቢ፣ ወደዚያው ሜዳ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከኢትዮጵያ ቤተሰቦች 32 በመቶው ምንም ዓይነት መጸዳጃ እንደሌላቸው ዘግቦ ነበር። በብዙ ትምህርት ቤትም ሽንት ቤቱ ቢኖር ውሃው የለም፤ ውሃው ቢኖር ሳሙናው የለም።

ሳሙና ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ ከታተሙት ጥናቶች ሁሉ ልቤን የሚያሞቀው በሰሜን ኢትዮጵያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ነው። ተመራማሪዎቹ በ216 ቤተሰቦች ውስጥ ያሉ 367 ልጆችን ከትልና ከሌሎች የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን አክመው ከፋፈሏቸው፤ አንዳንዶቹ በሳሙና እጅ እንዲታጠቡ፣ አንዳንዶቹ ጥፍራቸው በየጊዜው እንዲቆረጥ፣ ሌሎቹ ሁለቱንም እንዲያደርጉ ሆነ፤ ከቀሩት ጋርም ተነጻጸሩ። ከስድስት ወር በኋላ በሳሙና ከታጠቡት 14 በመቶው፣ ካልታጠቡት 29 በመቶው እንደገና ተይዘው ተገኙ። ጥፍራቸው በተቆረጠላቸው 17፣ ባልተቆረጠላቸው 26 በመቶ ሆነ። በታጠቡት ልጆች የደም ማነስም ቀንሷል። መቀስና ሳሙና ይህን ያህል ከሠሩ፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ጥፍር ያይ የነበረው የድሮው መምህር ሥራ ዛሬም የጤና ሥራ ነው።

ንጽሕና ብቻውንስ ይበቃል? አይበቃም። በኬንያና በባንግላዴሽ ሕፃናት ላይ የተደረጉት ትላልቅ ሙከራዎች ውጤት በ2018 ሲወጣ፣ ውሃ፣ መጸዳጃና እጅ መታጠብ ያገኙት በቁመት አልጨመሩም፤ ተጨማሪ ምግብ ያገኙት ግን በመጠኑ ጨመሩ። ኬንያ ውስጥ ውሃውና ንጽሕናው ወስፋትን በአምስተኛ ያህል ቀንሷል፤ እድገት ግን ከሳህን ነው የመጣው። እኔ ዋናውን ነገር የማየው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ደም መፍሰሱን ያቆማል፣ ፍላጎቱን ይከፍታል። የተከፈተው ፍላጎት ቤት ገብቶ ባዶ መሶብ ካገኘ ምን ይረባዋል?

ምገባው እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ምገባ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ከተማ አስተዳደሩ በራሱ በጀት የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ቁርስና ምሳ ያበላል፤ ምግቡን የሚያበስሉት በአብዛኛው የሠፈሩ እናቶች ናቸው። ወስፋቱ እየጮኸ ክፍል የሚቀመጥ ልጅ ቁጥሩ በከተማዋ በመቀነሱ ደስ ሊለን ይገባል። ነገር ግን ትሉ የሚበዛው እርጥቡ ገጠር ውስጥ ነው፤ ምገባው ደግሞ እዚያ ገና ስስ ነው። የምገባና የክኒን ሥራ በተለያዩ ቢሮዎች፣ በተለያየ የቀን መቁጠሪያ ስለሚመራ አንድ ትምህርት ቤት ክኒኑን አግኝቶ ምሳውን፣ ሌላው ምሳውን አግኝቶ ክኒኑን ያጣል። ፕራዚኳንተል ባዶ ሆድ ላይ ሲወሰድ የሆድ ቁርጠትና ማስመለስ እንደሚያበዛ እየታወቀ ምንም ያልቀመሰ ተማሪ ማሰለፍ ወላጆችን ያሸሻል። በሚቀጥለው ዓመት ልጃቸውን በዚያ ቀን ቤት ያስቀሩታል።

የአገራችን ሰው ከትል ጋር የቆየ ታሪክ አለው። ለኮሶ ትል ኮሶ፣ እንቆቆና መተሬ ይጠጣ ነበር፤ ያ ግን ከጥሬ ሥጋ የሚመጣና በአብዛኛው የአዋቂ ጣጣ ስለሆነ እዚህ አልዘገይበትም። እንዶድ ግን ሊታለፍ አይገባም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየቱ የአገር በቀል ሳይንሳችን ኩራት ነው። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለውበታል። መድኃኒቱ ልጁን ያክማል፤ እንዶድ ውሃውን ያክም ነበር። ያ ሥራ በአገር አቀፍ ደረጃ አለመስፋፋቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህ ሁሉ ማለቂያ አለው ወይ ለሚል፣ ደቡብ ኮሪያን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1963 ጆንጁ ከተማ ሆዷ ተዘግቶ ሆስፒታል ከገባች የዘጠኝ ዓመት ልጅ 1,063 ወስፋት ወጣ፤ ልጅቷም ሞተች። አገሩ ደነገጠ። በ1964 ጥገኛ ትሎችን የሚያጠፋ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1966 ሕግ ወጣ፤ ከ1969 ጀምሮ ተማሪው ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰገራውን ያስመረምር፣ የተገኘበትም ይታከም ጀመር። በ1971 ከሕዝቡ 84.3 በመቶው የትል እንቁላል ነበረበት፤ ወስፋት ብቻውን 54.9 በመቶ ነበር። በ1997 ወስፋት 0.06 በመቶ ሆነ። በእነዚያው ዓመታት ኮሪያውያን ማሳቸውን በሰው ዓይነ ምድር ማዳበር አቁመው ወደ ፋብሪካ ማዳበሪያ ዞሩ፤ ሽንት ቤት ሠሩ፤ ማዕዳቸውም ሰፋ። የትኛው ምን ያህል እንደሠራ መለየት ያስቸግራል፤ እነርሱም ለይተው አልጠበቁም፣ ሁሉንም አብረው አደረጉ።

እኛ ዘንድ ለዚያ የሚቀርበው ሙከራ ወላይታ ላይ ያለው ገሺያሮ ነው። ተማሪውን ብቻ ሳይሆን መላውን ማኅበረሰብ እያከመ፣ ውሃና መጸዳጃ እያከለ፣ መተላለፉን ፈጽሞ ማቆም ይቻል እንደሆነ ይፈትናል። አቅጣጫው ትክክል ነው፤ መንጠቆ ትልን በብዛት የሚሸከሙት አዋቂዎች ናቸውና። በኬንያ ኳሌ በ2019 በወጣ ጥናት፣ ትምህርት ቤት ላይ ብቻ በዓመት አንዴ ሲታደል መንጠቆ ትል ወደ 13.8 በመቶ ሲወርድ፣ ለሁሉም በዓመት ሁለቴ ሲታደል ወደ 6.2 በመቶ ወርዷል። መድኃኒቱም መታገዝ ይፈልጋል፦ አንድ አልቤንዳዞል ወስፋትን 95 በመቶ ሲያድን ጅራፍ ትልን ወደ 30 በመቶ ብቻ ነው የሚያድነው። ከአይቨርሜክቲን ጋር አንድ ላይ የተሠራው ክኒን በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሞዛምቢክ ልጆች ላይ ተሞክሮ ከዚህ እጅግ የተሻለ ውጤት ሰጥቷል፤ ወደ ዘመቻው የሚገባበት ቀን ሊፋጠን ይገባል።

ከሁሉም በፊት ግን ትምህርት ቤት የሌለው ልጅ አለ። ክኒኑ በመምህር እጅ ስለሚታደል፣ በጦርነት የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ባሉባቸው ወረዳዎች ዘመቻውም አብሮ ይዘጋል። ከብት የሚጠብቀው ወንድ ልጅ፣ ሰው ቤት የተቀጠረችው ልጅ፣ በመጠለያ ያሉት ተፈናቃዮች ስማቸው በመዝገቡ ላይ የለም። ባዶ እግራቸውን የሚሄዱት፣ ሜዳ የሚጸዳዱት፣ ሳይበሉ የሚውሉት በብዛት እነርሱ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር እነዚህን ልጆች መዝግባ ክኒኑን ብትሰጥ፣ በዚያው ክንዳቸውን ለክታ የተጎዳውን ወደ ጤና ጣቢያ ብትልክ፣ ዘመቻው ዛሬ ያልደረሰባቸው ጋ ይደርሳል። ሪፖርቱም «ይህን ያህል ክኒን ታደለ» ከሚለው መስመር ሥር ሁለት መስመሮች ይጨመሩለት፦ ስንቱ ልጅ በዚያ ቀን በልቶ ዋለ፣ የስንቱስ ደም ተለክቶ ከዓምናው ተሻለ።